ክራር መጫወት እችላለሁ፤ ሃያ ልጆችን በአንድ ክፍል መምራት ግን እንዴት ነው?

ጥያቄ፦ ተለማማጇ (አዲስ አበባ)

የተከበራችሁ የዚህ መድረክ ተሳታፊዎች፣ በአዲስ አበባ በሚገኝ አንድ ወጣት ማዕከል ለአካባቢው ልጆች ቅዳሜ ጠዋት በሚሰጠው የሙዚቃ ሥልጠና ላይ ተለማማጅ አሠልጣኝ ሆኜ መሥራት ከጀመርኩ ጥቂት ወራት ሆኖኛል። ክራር ከልጅነቴ ጀምሮ ከእጄ ያልተለየ መሣሪያ ነው፤ በሠርግም፣ በመድረክም፣ በባህል ምግብ ቤትም ተጫውቼበታለሁ፤ ስለዚህ በመጫወት በኩል የሚያሳስበኝ ነገር የለም። የቸገረኝ ልጆቹን መምራት ነው።

ማዕከሉ ስድስት ክራር፣ ሁለት ማሲንቆ፣ አንድ ከበሮና አንድ ኪቦርድ አለው። የሚመጡት ልጆች ግን ብዙ ጊዜ ከሃያ የማያንሱ ሲሆን ዕድሜያቸውም ከ9 እስከ 17 ዓመት ነው። የመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ክራሮቹን በመቃኘት ያልቃል፤ አንዱን ቃኝቼ ወደ ሁለተኛው ስዞር የመጀመሪያውን የተቀበለው ልጅ መቃኛውን አሽከርክሮ ይጠብቀኛል። «ሚስ፣ የእኔ ተበላሸ» የሚለው ድምፅ ከየአቅጣጫው በአንድ ጊዜ ይመጣል። ትንንሾቹ በኪቦርዱ ሲጣሉ፣ ከፍ ከፍ ያሉት ወንዶች ልጆች ደግሞ ከኋላ ተቀምጠው በስልካቸው ቢት ይሠራሉ። የሚሠሩት መጥፎ ነው ማለቴ አይደለም፤ አንዳንዱ እንዲያውም ጆሮ ይስባል፤ ነገር ግን እኛ ከምንለማመደው ጋር አይገናኝም።

የተመደብኩት ለዋናው አሠልጣኝ ረዳት እንድሆንና ሥራውን ከእርሳቸው እንድማር ነበር። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት አብረውኝ ይቀመጡ ነበር፤ አሁን ግን በሩን ከፍተው፣ ልጆቹን ሰላም ብለው፣ «አንቺ አለሽ አይደል» ይሉና ይወጣሉ። እምነት ስለጣሉብኝ ደስ ሊለኝ እንደሚገባ የሚነግሩኝ አሉ፤ እኔ ግን ሲሠሩ ያላየሁትን ሥራ ከማን እንደምማረው አልገባኝም። ክፍያዬም «የትራንስፖርት» ተብሎ የሚሰጠኝ አነስተኛ ገንዘብ ሲሆን የፈረምኩት ውል የለም።

ስለዚህ የምጠይቃችሁ፣ እንዲህ ያለውን የተደባለቀ ቡድን ለሁለት ሰዓት ሳይበተን ይዞ ለመቆየት የሚያስችለው አካሄድ ምን ዓይነት ነው? ከዋናው አሠልጣኝስ ምን ብጠይቅ ተገቢ ይሆናል? በተለይ ልጆችን በሙዚቃ ያሠለጠናችሁ ብትመልሱልኝ እጅግ አመሰግናለሁ።

መልስ፦ ባለ ክራሩ (ባሕር ዳር)

እኅቴ፣ ልጆችን በባህል ሙዚቃ በማሠልጠን ሥራ ላይ ረጅም ጊዜ ስለቆየሁ የማውቀውን ላካፍልሽ። ከሁሉ በፊት ግን በአንድ ነገር እንግባባ፤ የቅዳሜው ሥልጠና የክራር ትምህርት አይደለም። የክራር ትምህርት አንድ መምህር ከአንድ ተማሪ ጋር፣ ቢበዛ ከሦስትና ከአራት ተማሪዎች ጋር ፊት ለፊት ተቀምጦ የሚሰጠው ነው። አንቺ ያለሽ ሃያ ልጅና ስድስት ክራር ነው፤ ስድስቱን ብታስተምሪ አሥራ አራቱ ተመልካች ይሆናሉ፤ ተመልካች የሆነ ልጅ ደግሞ ብዙ አይታገስም። እንግዲህ ዋናው ሥራሽ ሃያውም ልጅ በአንድ ጊዜ ድምፅ የሚያወጣበትን መንገድ ማዘጋጀት ነው፤ የክራሩ ዕውቀት በዚያ ውስጥ ቀስ እያለ ይገባል።

መቃኘትን በተመለከተ፣ ልጆች ባሉበት ክራር አይቃኝም። ቀደም ብለሽ ገብተሽ ስድስቱንም በአንድ ቅኝት ቃኚና እስከሚፈለጉ ድረስ ማንም በማይደርስበት ቦታ አስቀምጫቸው። ለጀማሪ ቡድን ትዝታ ሜጀርን ምረጪ። በዚህ ቅኝት አምስቱ ድምፆች መካከል የግማሽ ድምፅ ርቀት ስለሌለ፣ የትኛውም አውታር ከየትኛውም ጋር ቢመታ ጆሮ አይጎረብጥም፤ እጁን ያልፈታ ልጅ እንኳ ባዶ አውታሮችን በድርደራ እየነካካ ከቡድኑ ጋር ሊሄድ ይችላል። ጀርመናዊው የሙዚቃ ሰው ካርል ኦርፍ ለልጆች ባዘጋጀው የማስተማሪያ ዘዴ ከዛይሎፎኑ ላይ ሁለቱን ድምፆች አውጥቶ አምስቱን ብቻ የሚያስቀረው በዚሁ ምክንያት ነው፤ ክራር ግን ሲቃኝ ከመጀመሪያውም በአምስት ድምፅ ስለሆነ እኛ ነቅለን የምናወጣው ነገር የለም። ግርፍን፣ ማለትም አውታሮቹን ሁሉ በአንድ ጊዜ መምታትን፣ አታስቸኩይ። በግርፍ ሲመታ የማይፈለጉትን አውታሮች በግራ እጅ ጣቶች አፍኖ የሚፈለገውን ብቻ መልቀቅ ስለሚያስፈልግ፣ ለጀማሪ ልጅ ሁለት ሥራ በአንድ ጊዜ ይሆንበታል።

ከትዝታ ሜጀር ወደ ትዝታ ማይነር ለመሻገር ሦስተኛውንና አምስተኛውን የቅኝቱን ድምፅ በግማሽ ድምፅ ማውረድ ይበቃል፤ ያም ቢሆን በሌላ ሳምንት ይሁን እንጂ በአንድ ጠዋት ሁለት ቅኝት አትሞክሪ። ባቲና አምባሰል ከዚያ ይከተላሉ። አንቺ ሆዬ ደግሞ ጆሯቸው እስኪበስል ይቆይ፤ ልምድ ያለው ተጫዋችም ቢሆን ደጋግሞ የሚያስተካክለው ቅኝት ነው።

ኪቦርዱ የጠብ ምክንያት መሆኑ የሚቀርበት ቀላል ዘዴ አለ። ጥቁሮቹ ቁልፎች ብቻቸውን ትዝታ ሜጀር ናቸው። ክራሮቹን ከጂ ተነሥተሽ ጂ፣ ኤ፣ ቢ፣ ዲ፣ ኢ አድርገሽ ቃኚ፤ ኪቦርዱን ደግሞ በትራንስፖዝ አንድ ግማሽ ድምፅ ከፍ አድርጊው። ከዚያ በኋላ «ጥቁሩን ብቻ ንኩ» ካልሻቸው፣ ማንም ልጅ ቢቀመጥበት ከክራሮቹ ጋር አይጋጭም። አንዱ ልጅ በወፍራሙ፣ ሌላው በቀጭኑ በኩል ሆነው ለሁለት ሊጫወቱበትም ይችላሉ። ይህ የሚሠራው ግን ለትዝታ ሜጀር ብቻ ነው፤ ለሌሎቹ ቅኝቶች የሚነኩትን ቁልፎች በቀለም ወረቀት ምልክት አድርጊባቸው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ሥልጠናው በመሣሪያ ሳይሆን በድምፅና በጭብጨባ ይጀመር። አውራጅና ተቀባይ ያለው ዘፈን ለብዙ ልጅ እጅግ የተመቸ ነው፤ በቡሄ ሲጨፍር ወይም በእንቁጣጣሽ አበባ ይዞ ሲዞር ማውረድና መቀበልን ያላየ ልጅ ጥቂት ስለሆነ አዲስ ትምህርት አይሆንባቸውም። መጀመሪያ አንቺ አውርጂ፣ እነርሱ ይቀበሉ። ተቀባዩ ሲጸና ከበሮውን ጨምሪ፤ ከበሮው ሲረጋ ሁለት ክራር አስገቢ፤ ከዚያ አራቱ ይከተሉ። ሁሉም ተደላድሎ ሲሄድ አውራጅነቱን ለአንድ ልጅ ሰጥተሽ አንቺ ዝም በይ። ቡድኑ ያለ አንቺ ድምፅ የቆመው ያኔ ነው፤ ዞር ዞር ብለሽ የማን ጣት እንደተሳሳተ፣ ማን እንዳፈረ፣ ማን ከምቱ እንደሚቀድም ለማየት ጊዜ የምታገኚውም ያኔ ነው። የምትጫወቺ ከሆነ ይህን ሁሉ አታዪውም፤ ጥሩ ተጫዋቾች አሠልጣኝ ሲሆኑ በዚህ ላይ ሲቸገሩ አይቻለሁ፤ እጃቸው ከክራሩ አልለቅ ይላል።

ለማቆሚያ ምልክት ይኑርሽ። ከበሮው ሁለት ጊዜ ጠንከር ብሎ ሲመታ ሁሉም እጁን ከአውታር ያነሣል የሚል ደንብ ከመጀመሪያው ቀን ካስለመድሻቸው ጉሮሮሽ ይተርፋል። መሣሪያ የሚቀያየሩትም ሰዓት ቆጥረው ሳይሆን ዘፈን በተለወጠ ቁጥር ይሁን፤ «የእኔ ተራ መቼ ነው» የሚለው ክርክር በእጅጉ ይቀንሳል። ትልልቆቹን ደግሞ ለትንንሾቹ ኃላፊ አድርጊ። በአብነት ትምህርት ቤት ጀማሪውን የሚያስጠናው ቀድሞ የገባው ተማሪ ነው፤ የኔታ የተጠናውን ሰምተው ያርማሉ እንጂ ለሁሉም ከሀሁ አይጀምሩም። ይህን ልማድ ከአገራችን የትምህርት ታሪክ የወረስነው ስለሆነ ልጆቹም ወላጆቹም በቀላሉ ይቀበሉታል።

እኔ ራሴ ሙዚቃን የጀመርኩት በደርግ ዘመን በቀበሌ ኪነት ነው። የሚዘፈነው ከላይ የታዘዘ ስለነበር ያን ዘመን ለማመስገን አላነሣሁትም፤ ነገር ግን ወደ ኪነት የገባ ልጅ ሥራ ሳይሰጠው አይቀመጥም ነበር። ድምፅ የሌለው ይወዛወዛል፣ ውዝዋዜ የማይሆንለት ከበሮ ይይዛል፣ ሁለቱም ያልሆነለት ልብስና መሣሪያ ይጠብቃል፤ ከእነዚያ ዕቃ ጠባቂዎች መካከል በኋላ ጥሩ ሙዚቀኛ የወጣ አውቃለሁ።

በስልክ የሚሠራውን ቢት በተመለከተ አቋሜ ጠንከር ያለ ነው። በሥልጠናው ሰዓት ስልክ ይዘጋ። ያ ሙዚቃ ቀኑን ሙሉ አብሯቸው አለ፤ ክራር ግን የሚያገኙት በሳምንት አንድ ጠዋት ብቻ ነው።

መልስ፦ የልጆች እናት (አዲስ አበባ)

ልጆቼ በእንዲህ ዓይነቱ ሥልጠና ስላለፉ በወላጅ በኩል ያለውን ልጨምር፤ ከላይ የተሰጠው ምክር ስለ ክፍሉ ውስጥ ነው፤ ልጅ እንዲቀር የሚያደርገው ግን ብዙ ጊዜ ከክፍሉ ውጭ ያለ ነገር ነው።

አንዳንድ ቤተሰብ ዘፈን የሚባለውን ነገር ጨርሶ አይፈቅድም። በተለይ ከፕሮቴስታንት ቤተሰብ የመጡ ልጆች «እኔ መዝሙር እንጂ ዘፈን አልዘፍንም» ሊሉሽ ይችላሉ፤ በሙስሊም ቤተሰብም ስለ ሙዚቃ መሣሪያ የተለያየ አቋም አለ። እንዲህ ያለውን ልጅ አትከራከሪው፤ ከበሮ ይያዝ፣ ምት ይቁጠር፣ ክራር ይደርድር፤ አፉን እንዲከፍት አታስገድጂው። በዐቢይ ጾም ደግሞ ብዙ የኦርቶዶክስ ቤተሰቦች ዘፈንና ጭፈራ ስለሚያቆሙ የልጆቹ ቁጥር ይቀንሳል። አንድ ማዕከል በዚያ ወቅት መሣሪያ መጠገንን፣ አውታር መቀየርንና ቅኝት መለየትን እያስተማረ ሥልጠናውን ሳያቋርጥ ሲሻገር አይቻለሁ። በገና በጾም የሚደረደር መሣሪያ ስለሆነ አንድ ደርዳሪ ጋብዞ ማሰማትም ይቻላል፤ ይሁን እንጂ በገና መንፈሳዊ መሣሪያ ስለሆነ የሌላ እምነት ልጆች ካሉ ለወላጆቻቸው አስቀድሞ መንገር ያስፈልጋል። የረመዳንንም ቀናት ከፕሮግራምሽ ጋር አስታርቂ፤ የሚጾም ልጅ ሁለት ሰዓት ሙሉ መዝፈን ይከብደዋል።

ሁለተኛው ነገር «አዝማሪ ልታደርጉት ነው?» የሚለው የወላጆች ጥያቄ ነው። ጊዜው ተለወጠ ቢባልም ሙያው በስድብነት የሚነሣበት ቤት አሁንም አለ። ይህን በንግግር ማሸነፍ አይቻልም፤ ወላጆቹን ጥሪና ልጆቹ ሲጫወቱ ይስሙ። ትልቅ ዝግጅት አያስፈልግም፤ የሥልጠናው የመጨረሻ ሩብ ሰዓት ላይ በሩ ክፍት ሆኖ ሁለት ዘፈን መስማት ይበቃቸዋል። የሴት ልጆች ወላጆች ሲያመነቱ ደግሞ አስናቀች ወርቁንና ሜሪ አርምዴን አንሺላቸው፤ ሁለቱም ክራራቸውን ይዘው በአገሩ ሁሉ የታወቁ ናቸው፤ እነርሱን የማያስታውስ አያት የለም፤ አያት ከተረታ እናት አታስቸግርም።

ሚኒስትሪ የሚፈተኑ ልጆች ከግንቦት ጀምሮ እንደሚቀሩም ከአሁኑ አስቢ፤ አውራጅሽን ከእነርሱ መካከል ብቻ ከመረጥሽ ቡድኑ ይፈርሳል።

መልስ፦ ከለንደን

ኢትዮጵያዊት ነኝ፤ በእንግሊዝ ለወጣቶች በማኅበረሰብ ደረጃ በሚሰጥ የሙዚቃ ሥልጠና ውስጥ ስለምሠራ በተለይ በተለማማጅነቱ ጉዳይ ላይ ልናገር። እዚህ አገር አፕረንቲስ የሆነ ሰው ሠራተኛ ነው፤ ደመወዝ ይከፈለዋል፤ ከዕለት ሥራው ተለይቶ የሚማርበት ጊዜም እንደ ሥራ ሰዓት ይቆጠርለታል። ዘርፉም የራሱ ገንዘብ ሰጪዎች አሉት፤ ዩዝ ሚዩዚክ የተባለው ድርጅት በ1999 እ.ኤ.አ. ተቋቁሞ ከብሔራዊ ሎተሪ የሚገኘውን ገንዘብ ለእንዲህ ዓይነት ሥራዎች ሲያከፋፍል ቆይቷል። ይህን ስል አገሮቹን ለማወዳደር አይደለም፤ የመማሪያው ቅደም ተከተል ግን ገንዘብ ስለማይጠይቅ በቀጥታ ልትወስጂው ትችያለሽ።

ተለማማጅ በመጀመሪያ ያያል፤ የሚያየው ግን ዝም ብሎ ሳይሆን እያስተዋለ፣ ለምሳሌ መሪው ዘፈኑን ያቋረጠው ለምንድን ነው፣ ያ ልጅ ሲያኮርፍ ምን አደረገ እያለ ነው። ቀጥሎ ማሟሟቂያውን ብቻ ይመራል። ከዚያ አንድ ዘፈን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ይመራል። በመጨረሻ ሙሉውን ይመራል፤ ዋናው መሪ ግን ክፍሉ ውስጥ ተቀምጦ ያየዋል። ከእያንዳንዱ ሥልጠና በኋላ ልጆቹ ሲወጡ ሁለቱ ለጥቂት ደቂቃ ይነጋገራሉ። የአንቺ ችግር፣ ከመጀመሪያው ደረጃ ወደ መጨረሻው በአንድ ጊዜ መዘዋወርሽና በመጨረሻውም ደረጃ የሚያይሽ ሰው መጥፋቱ ነው። ስለዚህ ዋናውን አሠልጣኝ «አይሂዱብኝ» ብለሽ ከምትለምኚያቸው ይልቅ፣ «የመጀመሪያውን ግማሽ ሰዓት እርስዎ ይምሩ፣ ቀሪውን እኔ ልምራ፣ ሲያልቅ ደግሞ አሥር ደቂቃ ስጡኝ» ብለሽ የተወሰነ ነገር ጠይቂያቸው። የተወሰነ ነገር የተጠየቀ ሰው እምቢ ለማለት ይከብደዋል። በአሥሩ ደቂቃ «እንዴት ነበር?» ብለሽ አትጠይቂ፤ መልሱ «ጥሩ ነው» ብቻ ይሆናል። «ዛሬ አንድም ድምፅ ሳያወጣ የሄደው ልጅ ማን ነው?» ብለሽ ጠይቂ።

ሌላው የማልደራደርበት ነገር የልጆች ደኅንነት ነው። በእንግሊዝ ከልጆች ጋር እንዲህ ባለ ሥራ የሚሠማራ ሰው ዲቢኤስ በሚባለው ማጣሪያ የወንጀል መዝገቡ ይታያል። አንቺ ባለሽበት ይህ አሠራር ባይኖርም፣ ክፍሉ ውስጥ ምንጊዜም ሁለት አዋቂ ይኑር የሚለው ደንብ በየትኛውም አገር ሊሠራበት ይችላል። አንድ ልጅ ቢወድቅ ወይም ቢታመም አንዱ ይዞት ሲሄድ ሌላው ከቀሩት ጋር ይቆያል፤ በአንቺም ላይ ሐሰተኛ ወሬ ቢነሣ ምስክር አለሽ። የወላጆችን ስልክ የያዘ መዝገብ በእጅሽ ይኑር፤ ልጆችን ቪዲዮ ቀርጾ በቲክቶክ ከመለጠፍ በፊት ደግሞ የወላጅ ፈቃድ በጽሑፍ ይወሰድ።

ከባለ ክራሩ ጋር የምለያየው በስልኩ ጉዳይ ነው። እነዚያ ልጆች ከኋላ ተቀምጠው ሙዚቃ እየሠሩ ነው እኮ! ለእኔ ከክፍሉ ሁሉ የነቁት እነርሱ ናቸው። ስልካቸውን አትዝጊ፤ ሥራ ስጫቸው። ክራሮቹ በስልክ መቃኛ ልክ ከጂ ከተቃኙ፣ ቢት መሥሪያው ላይ ጂ ሜጀር ፔንታቶኒክ የሚለውን (ያው ከጂ የሚነሣው ትዝታ ሜጀር ነው) ሲመርጡ የሚሠሩት ሁሉ ከክራሩ ጋር ይገጥማል። አሁን የማይገናኝብሽ አንዱ ምክንያት ምቱም ሊሆን ይችላል፤ እነዚህ መተግበሪያዎች ሲከፈቱ አብዛኛውን ጊዜ በአራት ምት ነው የሚጀምሩት፤ ችክችካ ግን በስድስት ስምንተኛ የሚሄድ ነው። ልጆቹን «ይህን ከበሮ የሚመስል ነገር በስልካችሁ ሥሩ» በያቸውና ምቱን ራሳቸው ይፈልጉት። ከበሮ መቺውን ከበው፣ ጆሯቸውን አቅርበው፣ የት ጋ ጠንከር፣ የት ጋ ለስለስ እንደሚል ሲቆጥሩ ታያቸዋለሽ፤ ችክችካን ከዚህ በተሻለ መንገድ አስተምሬ አላውቅም።

መልስ፦ የሥራ ጉዳይ ተከታታይ

ስለ ውሉ ብቻ አጭር ነገር ልበል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ስለ ሙያ መልመጃ ውል የሚደነግግ ክፍል አለው። ውሉ በጽሑፍ እንዲሆን፣ በውስጡም የሥልጠናው ዓይነትና የሚፈጀው ጊዜ፣ በሥልጠናው ወቅት የሚከፈለው ገንዘብና የሥራው ሁኔታ እንዲገለጽ ይጠይቃል። ነገር ግን አዋጁ በልዩ ሕግ የሚተዳደሩትን የመንግሥት ሠራተኞች ስለማይመለከት፣ ማዕከሉ የወረዳው አስተዳደር ነው ወይስ የማኅበር ወይም የግብረ ሰናይ ድርጅት የሚለውን አስቀድመሽ አጣሪ። የማንም ይሁን የማን፣ ከመቼ እስከ መቼ፣ በሳምንት ስንት ሰዓት፣ ማን እንደሚያሠለጥንሽና ሲያበቃ ምን ዓይነት የምስክር ወረቀት እንደምታገኚ የሚገልጽ አንድ ገጽ ደብዳቤ ጠይቂ። «የትራንስፖርት» የሚባለውን ገንዘብ ስትቀበዪም የምትፈርሚበትን ወረቀት አንብቢ፤ በጎ ፈቃደኛ ተብለሽ ተመዝግበሽ ከሆነ ጉዳዩ ሌላ መልክ ይይዛል።

ጥያቄ፦ ተለማማጇ

ለሁላችሁም ከልብ አመሰግናለሁ። ዋናውን አሠልጣኝ በተባለው መንገድ አነጋግሬያቸው የመጀመሪያውን ግማሽ ሰዓት ራሳቸው ለመምራት ተስማምተዋል፤ የደብዳቤውን ነገር ግን ወደ ኃላፊው መርተውኛል። ማዕከሉ የወረዳው ሆኖ ስላገኘሁት በዚያው መንገድ እቀጥላለሁ።

ጋሼ ባለ ክራሩ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ቀድሜ ገብቼ ስድስቱንም ቃኝቼ ባስቀምጥም፣ ሁለቱ ክራሮች ልጆቹ ገና ሳይነኳቸው ይወርዳሉ። አውታራቸው በቅርቡ የተቀየረ ናይለን ነው። መቃኛው ይሆን ወይስ አውታሩ?

መልስ፦ ባለ ክራሩ (ባሕር ዳር)

በመጀመሪያ ለለንደኗ እኅቴ፦ የስድስት ስምንተኛው ነገር አሳምኖኛል፤ ስልኩ ለዚያ ሥራ ይከፈት፤ ሥራው ሲያልቅ ግን ይዘጋ የሚለውን አልተውም።

ወደ ጥያቄሽ ስመለስ፣ አዲስ ናይለን እስኪለጠጥ ድረስ ለቀናት መውረዱ የጠባዩ ነው። አውታር የምትቀይሪው ቅዳሜ ጠዋት ወይም አርብ ማታ ሳይሆን ሰኞ ወይም ማክሰኞ ይሁን። ከቀየርሽ በኋላ እያንዳንዱን አውታር በጣትሽ ከፍ አድርገሽ ቀስ ብለሽ ሳቢው፣ ድምፁ ሲወርድ መልሰሽ ቃኚው፤ ይህን በየቀኑ ጥቂት ደቂቃ ከደጋገምሽው ቅዳሜ ላይ ይረጋል። ቀንበሩ (አውታሮቹ የሚታሰሩበት የላይኛው አግዳሚ እንጨት) ላይ ያለው ጥምጣም በቂ ዙር ከሌለውም ስለሚንሸራተት እርሱን እይ፤ አዲሱ ዙር በአሮጌው ላይ ተጭኖ እንዲይዘው ሆኖ መጠምጠም አለበት። መቃኛው የእንጨት ከሆነና በቀዳዳው ውስጥ የሚላላ ከሆነ ጠመኔ ዱቄት ቀቢው፤ ያም ካልረዳ እንጨቱ ስለተበላ መቀየር ነው። አውታሮቹ ከታች የሚያርፉበትን ብርኩማም እይው፤ በመቃኘት ብዛት ወደ አንድ ጎን ካዘነበለ አውታሮቹን ሁሉ ስለሚያወርድ ቀጥ አድርገሽ መልሺው። እነዚያን ሁለት ክራሮች እስኪረጉ ድረስ ለትልልቆቹ ልጆች ስጫቸውና ራሳቸው እየቃኙ ይያዟቸው።